የባሕር ዛፍ መክተፊያ ማሽን በጉና ሥር፦ ተረትና እውነታ

ከጉና የሚወርደው ውርጭ ገና ሳይረግብ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ያዘሉ ሴቶች ይታያሉ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ስለሚሰፋ፣ ከኋላ ለሚያይ ሰው የሚራመደው ክምሩ ራሱ ይመስላል። በአጠገባቸው አጣና የጫነ አይሱዙ ያልፋል። ግንዱ በመኪና፣ ቅርንጫፉ በጀርባ ይሄዳል፤ ጉቶው ከመሬት ቀርቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በጉና በጌምድር ደጋዎች ባሕር ዛፍ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ የሚቆረጥ፣ ቆሞ የሚያድግ ተቀማጭ ነው።

ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ውጦ በሌላ በኩል ፍቅፋቂ አድርጎ የሚተፋ ማሽን በስልካቸው ያዩ ወጣቶች፣ «ይህ እኛ ዘንድ ቢመጣ ሥራ አይሆነንም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው። አብሮት የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው የራቀ ነው። አንዳንዱ ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ እጅ ያስከፍላል።

እጅ ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። የሥጋ ዘመዴ የሆነ አንድ ገበሬ፣ የገብስ መውቂያ ማሽን ወደ መንደሩ በገባ በሁለተኛው መኸር የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጥቷል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ እሱም ዝንጉ ሰው አልነበረም። ነዶው አልገባ ሲለው በእጁ ገፋው፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ማሽኑን ያመጣው ሰው ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ አሳይቶታል፤ ሰው የት መቆም እንዳለበት ግን ማንም አላሳየውም። መክተፊያው በብዛት ሳይመጣ አስቀድመን እንነጋገርበት የምለው ለዚህ ነው።

ማሽኑ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰፊ አፍ አለው፤ ቅርንጫፉ በዚያ ይገባል። በትልልቆቹ ላይ ባለ ጥርስ ሮለሮች እንጨቱን ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። ውስጡ ስለት የተገጠመለት ከባድ ከበሮ ወይም ዲስክ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ ከሥሩ ካለ የማይንቀሳቀስ ብረት ጋር እንደ መቀስ ሆኖ እንጨቱን ይከትፋል። ፍቅፋቂው በቱቦ ተወርውሮ ይወጣል። በትናንሾቹ ላይ ሮለር የለም፤ ስለቱ ራሱ እየነጠቀ ይስባል።

ተረት 1፦ «እንጨት መክተፍ የፈረንጅ ነገር ነው፤ በአገራችን አይታወቅም»

እውነታው፦ በቤታችን ያለውን ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ብንመረምር ብዙው ቺፑድ ነው፤ ቺፑድ ማለት ደግሞ ተከትፎ በሙጫና በሙቀት የተጨመቀ እንጨት ነው። በአዲስ አበባ የቺፑድ ፋብሪካ ከቆመ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በማይጨው የፓርቲክል ቦርድ ፋብሪካም የተቋቋመው በባሕር ዛፍ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ እንጨት መክተፍ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ማሽኑ ከፋብሪካ ግቢ ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ ሲመጣ ነው። በፋብሪካ ውስጥ እንጨቱን የሚያቀብለው ማጓጓዣ ቀበቶ ነው፤ ሰው ከስለቱ ርቆ ይቆማል። በማሳ ላይ ግን የሚያቀብለው የሰው እጅ ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ተረት 2፦ «ቅርንጫፍ ቆሻሻ ነው፤ ማሽኑ ቆሻሻን ገንዘብ ያደርገዋል»

እውነታው፦ ይህ አባባል ማሽኑ በተፈለሰፈበት አገር እውነት ነው። እዚያ ዛፍ ቆራጭ ድርጅት ቅርንጫፉን ጭኖ ለማስወገድ ይከፍላል፤ መክተፊያው አንድ ትልቅ ክምር ወደ ትንሽ ስለሚቀንስለት የጭነት ወጪው ይወርዳል። ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው በዚህ ነው።

በጉና ሥር ግን የሚጣል ቅርንጫፍ የት አለ? ቅጠሉ ለእንጀራ መጋገሪያ ነው፤ ቶሎ ተቀጣጥሎ ምጣዱን እኩል ያሞቃል። ጭራሮው ወጥ ይሠራል፣ ውኃ ያፈላል። ደረቅ ጭራሮ በቡሄ ዋዜማ ችቦ ይሆናል። ከዚህ የተረፈው ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ሻጮቹም በአብዛኛው መሬት የሌላቸው ሴቶች ናቸው። መክተፊያው ወደ ማሳው ሲገባ የሚወስደው የእነርሱን እንጀራ ነው።

ከዚህ ሌላ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ጭራሮ የጎደለበት ምድጃ አይጠፋም፤ ኩበት ይገባበታል። የከብት እበት ምድጃ ሲገባ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ድንችና ገብስ በሚበቅልበት፣ ከዓመት ዓመት በጎርፍ በሚሸረሸር ዳገት ላይ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ ቅርንጫፉን ለመክተፍ ያሰበ ሰው ወይም ማኅበር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ «ይህ ቅርንጫፍ ዛሬ ማን ቤት ይነዳል?» የሚለውን ነው።

ማሽኑ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር የሚጸዳ ቅርንጫፍ፣ በከተማ መንገድ ዳር የሚገረዝ ዛፍ፣ በጣውላ መሰንጠቂያ ቤት የሚከማች ቅርፊትና ቁርጥራጭ፣ እንዲሁም ከሰል ለሚተካ ብሪኬት የሚሰበሰብ ጥሬ ዕቃ አለ። በእነዚህ ቦታዎች ብዙ እንጨት በአንድ ላይ ይከማቻል፤ ማሽኑም ሥራ ያገኛል።

ተረት 3፦ «የማሽኑ ዋጋ ማለት የተገዛበት ዋጋ ነው»

እውነታው፦ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት የዚህን መልስ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀለጡ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ተቀልጦ ሲወጣ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስል ነበር። ንጉሡ ግን በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ድንጋይ እየፈለጡ፣ ገደል እየደለደሉ፣ ለመድፉ መንገድ እየሠሩለት ተጓዙ። የመድፉ ዋጋ ጋፋት ላይ አላለቀም፤ እስከ መቅደላ ድረስ ተከፈለ።

የማንኛውም ማሽን ዋጋም እንዲሁ ነው። ከመግዣው ሌላ ወደ ቦታው ማድረሻ አለ፤ ከወረታ ወደ ወልድያ ከሚሄደው አስፋልት ወጥቶ ዳገት ላይ ላለ መንደር ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ነዳጅና ዘይት አለ። ስለት ማስሳልና መቀየር አለ። ቀበቶ፣ ብሎን፣ ማሽኑን የሚያውቅ መካኒክ አለ። ማሽኑ ቆሞ መለዋወጫ የሚጠበቅበት ቀን አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ዋጋውን የሚወስነው ማሽኑ በዓመት ስንት ቀን ይሠራል የሚለው ነው። ለስሌት ያህል አንድ ማሽን 1,000,000 ብር ቢገዛና 5 ዓመት ቢያገለግል፣ ነዳጅና ሠራተኛ ሳይቆጠር በዓመት 200,000 ብር ይበላል ማለት ነው። በዓመት 160 ቀን ከሠራ በቀን 1,250 ብር ይደርስበታል። 40 ቀን ብቻ ከሠራ ግን በቀን 5,000 ብር ይሆናል። ማሽኑ ያው ነው፤ ዋጋው አራት እጥፍ ሆነ። በጉና ደጋ ክረምቱ ረጅም ነው፤ መሬቱ ሲላቁጥ መኪና አይገባም። የመኸር ወራት ሰው ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። በወሩ ውስጥ ደግሞ ገበሬው ከከባድ ሥራ የሚታቀብባቸው በዓላት አሉ። እነዚህን ቀንሶ የሥራ ቀኑን በሐቀኝነት የቆጠረ ሰው፣ ብቻውን ከመግዛት ይልቅ በማኅበር መግዛት ወይም መከራየት እንደሚሻለው ይገለጥለታል።

ተረት 4፦ «ባለ 20 ፈረስ ጉልበት የትም ባለ 20 ፈረስ ጉልበት ነው»

እውነታው፦ አይደለም። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በወደብ ከተማ 20 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጉና ጫፍ በተጠጉ መንደሮች ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህ ለሻጩ ትንሽ ነገር ነው፤ ለገዢው ግን ትልቅ ነው። ማሽኑ «እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ይከትፋል» ተብሎ ከተሸጠ፣ ቁጥሩ የተለካው በሙሉ ጉልበቱ፣ ብዙ ጊዜም በለስላሳ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ከደረቀ ደግሞ ይብሳል። ጉልበት ያነሰው ሞተር ይጨነቃል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ እንጨቱ መሐል ላይ ይይዝበታል። እንጨት ሲይዝ ደግሞ ሰው በእጁ ሊገፋ ይቃጣዋል። ከፍታው የሚነጥቀው ጉልበት በመጨረሻ ወደ እጅ አደጋ የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ ሞተር ወይም ተርቦ ያለው መምረጥ፣ ካርቡሬተሩን ወይም ፓምፑን ለደጋ አየር ማስተካከል፣ እንጨቱን ሳይደርቅ በእርጥቡ መክተፍ፣ ማሽኑ ከሚችለው ከፍተኛ ውፍረት በታች መሥራት ነው። ግንዱን መሬት ለመሬት እየጎተቱ አለማምጣትም ይረዳል፤ አፈርና ጠጠር የተለጠፈበት ቅርፊት አዲስ ስለትን በአንድ ቀን ያዶለዱማል። የዶለዶመ ስለት እንጨቱን ይቀጠቅጣል እንጂ አይቆርጥም፤ ነዳጅም ይጨርሳል።

ተረት 5፦ «ንቁ ሰው እጁን ፈጥኖ ያወጣል»

እውነታው፦ ሒሳቡ ይህንን አይፈቅድም። ሮለር ያለው መክተፊያ በደቂቃ 30 ሜትር ያህል እንጨት ይስባል፤ ይህ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው። ከሮለሩ 60 ሴንቲሜትር ርቆ ቅርንጫፍ የያዘ ሰው እጅጌው ቢጠላለፍ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም። ያልጠበቀው ነገር የገጠመው ሰው አይቶ፣ ገብቶት፣ ክንዱን እስኪስብ ድረስ ይኸው አንድ ሴኮንድ ያልፋል። ሮለር የሌላቸው፣ ስለቱ ራሱ የሚነጥቅባቸው ደግሞ ከዚህ በብዙ ይፈጥናሉ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት 31 ሠራተኞች በእንጨት መክተፊያ ሞተዋል። አብዛኞቹ በማሽኑ ተይዘው ወደ ውስጥ የተሳቡ ናቸው። ይህ የሆነው ሥልጠና፣ የቆብና የጓንት ሕግ፣ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው። ንቃት መልካም ነው፤ ግን ሰው ከብረት አይፈጥንም። ሊተማመኑበት የሚገባው ሮለሩን የሚያስቆመው የማሽኑ ማቆሚያና የቆሙበት ቦታ ነው።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። ከአፉ ፊት ለፊት አይቆሙም፤ በጎን ይቆማሉ። ቅርንጫፉን በወፍራም ጫፉ ያስገባሉ፤ ሮለሩ እንደያዘው ይለቁትና ፊትዎን አዙረው ይርቃሉ። ቅጠሉና ጭራሮው ሲወዛወዝ ዓይንና ፊት ይገርፋል፣ ልብስም ይይዛል። አጭር ቁርጥራጭ በእጅ አይገፋም፤ በረጅም ቅርንጫፍ ላይ ተደርቦ ወይም በሌላ እንጨት ይገፋል። እጅና እግር በምንም ምክንያት ከአፉ ጠርዝ አያልፉም። ማቆሚያው በሚደረስበት ቦታ ሁለተኛ ሰው ይቆማል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚያቆምለት የለውም።

ተረት 6፦ «ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርቦ መሥራት ምን ይጎዳል?»

እውነታው፦ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በጉና ጥዋት ጋቢ ወይም ኩታ ሳይደርብ የሚወጣ ወንድ፣ ነጠላና መቀነት የሌላት ሴት ጥቂት ናቸው። እነዚህ ልብሶች የሚያምሩት ልቅ ስለሆኑ፣ ጫፋቸው ስለሚወርድ ነው። ከሚስብ ማሽን አጠገብ ግን የወረደ ጫፍ ሁሉ ገመድ ነው። የጋቢው ዘርፍ በጭራሮ ከተያዘ ጭራሮው ወደ ሮለሩ ይሄዳል፤ ጋቢው ይከተላል፤ በአንገት የተጠመጠመ ከሆነ ሰውየው ይከተላል።

ጓንትም እንዲሁ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ የቆዳ ጓንት ቅርንጫፍ ይገባበትና ይይዘዋል። የሚያስፈልገው በእጅ አንጓ ላይ የሚጠብቅ፣ ቢያዝ በቀላሉ የሚወልቅ ጓንት ነው። ጃኬቱ የተቆለፈ፣ እጅጌው የጠበበ፣ ሱሪው ጫማ ውስጥ የገባ ይሁን። የአንገት ማዕተብ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ረጅም ጸጉር ይታሰር። በወገብ ወይም በትከሻ ላይ የተጠመጠመ የጭነት ገመድ ይውረድ። ብርዱን የሚከላከለው ሹራብ ከውስጥ ይለበስ፤ ጋቢው ሥራው እስኪያልቅ አጥር ላይ ይሰቀል።

ጆሮም ልብስ ይፈልጋል። የመክተፊያ ድምፅ 100 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይደርሳል። 85 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ ውስጥ ሰው 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ ሲጨምር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በወጣትነቱ ያለ ጆሮ መከላከያ የሠራ ሰው፣ ጉዳቱን የሚያውቀው የልጅ ልጁ ሲያናግረው ሳይሰማ ሲቀር ነው።

ተረት 7፦ «ሞተሩ ከጠፋ አደጋው አልፏል»

እውነታው፦ ከበሮው ከባድ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በራሱ ክብደት መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ እስኪቆም ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ድምፁ ሲቀንስ የቆመ ይመስላል። በዚያ ጊዜ መክደኛውን የከፈተ ሰው ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል፤ ስለቱ እጁን ያገኘዋል፣ ወይም ስለቱ መክደኛውን መትቶ በፊቱ ላይ ይወረውረዋል። በሌላ አገር በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ የያዘ እንጨት ለማውጣት ወይም ስለት ለመቀየር ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይነቀላል፣ ቁልፉ በሚጠግነው ሰው ኪስ ይገባል፤ ከበሮው ፈጽሞ መቆሙ በዓይን ይታያል። ባለ ገመድ አስነሺ ከሆነ የሻማው ሽቦ ይነቀላል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ተረት 8፦ «አደገኛው ማሽኑ ነው፤ ዛፍ መጣል እኛ የለመድነው ነው»

እውነታው፦ መልመድና ማወቅ ይለያያሉ። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በመጥረቢያ ስንጥለው ኖረናል። ከመክተፊያው በፊት የሚመጣው ይኸው ሥራ ግን ራሱ ሰው ይገድላል፤ ዛፉ ረጅም፣ ቀጭን፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ነውና። የሞተር መጋዝ ሲጨመርበት ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ ጥንቃቄው አብሮ አይመጣም።

ጥቂት ልማዶች ብዙ ነፍስ ያድናሉ። ከሚቆርጠው ሰው በቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ አይቁም፤ ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ ልጆችም ከብቶችም ከ40 ሜትር ወዲያ ይሁኑ። በሚወድቅበት ጎን የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል የሚገባ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ይቆረጣል፤ ከዚያ ከጀርባ ይቆረጣል። በሁለቱ መካከል የውፍረቱን አንድ አሥረኛ ያህል እንጨት ሳይቆረጥ ይቀራል። ያ የቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደተፈለገበት ያወርደዋል፤ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ዛፍ ግን ወዳሻው ይወድቃል። ቆራጩ ከመጀመሩ በፊት ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚሸሽበትን መንገድ ያጸዳል። በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ግንድ ሥር አይገባም። በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰዎች ሳይመጡ አይነካም።

ለጉቶውም እንጠንቀቅ። ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር በትንሹ ዘንበል ተደርጎ፣ ሳይሰነጠቅ የተቆረጠ ጉቶ ጥሩ ቡቃያ ይሰጣል። የተሰነጠቀና ቅርፊቱ የተላጠ ጉቶ ይበሰብሳል። በጥንቃቄ መቁረጥ ቆራጩንም ይጠብቃል፣ የሚቀጥለውንም አጣና ያበዛል።

ተረት 9፦ «ፍቅፋቂው ማሳ ላይ ከተበተነ ወዲያው ማዳበሪያ ይሆናል»

እውነታው፦ በጊዜ ብዛት ይሆናል፤ ወዲያው ግን አይሆንም። እንጨት ካርቦን ይበዛበታል፣ ናይትሮጅን ያንሰዋል። ትኩስ ፍቅፋቂ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ የተዘራው ድንች ወይም ገብስ ይገረጣል። ስለዚህ ከእበትና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ተደርቦ፣ እየተገላበጠ፣ እርጥበቱ እየተጠበቀ ለወራት ይብላላ። ሳይቀላቀል ከላይ ብቻ በችግኝ ዙሪያ ወይም በመተላለፊያ መንገድ ላይ ቢነጠፍ ግን እርጥበት ይይዛል፣ አረምና ጎርፍ ይቀንሳል። በትልቅ ክምር አስቀምጦ መርሳትም አይገባም፤ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

ተረት 10፦ «የመከላከያ ዕቃ ሀብታም የሚገዛው ነው»

እውነታው፦ ሕጉ እንደዚያ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስተማር ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ 18 ዓመት ያልሞላውም አደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም። «ልጁ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚያቀብለው» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ አደገኛው ማቀበሉ ነውና።

ዋጋውም ቢታሰብ የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ የራስ ቆብ፣ ወፍራም ጫማና ጠባብ ጓንት በአንድነት ከማሽኑ ዋጋ ትንሿን ቁራጭ አይሞሉም። አንድ እጅ ሲጠፋ ግን ማረሻ የሚይዝ፣ ልጅ የሚያቅፍ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጨብጥ እጅ ነው የሚጠፋው። ያንን የሚተካ ሒሳብ የለም።

ስለዚህ ማሽን ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ያሰባችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። የሚከተፈው እንጨት ዛሬ ማን ምድጃ ይነዳል? በዓመት በእውነት ስንት ቀን እንሠራለን? ሞተሩ በዚህ ከፍታ ስንት ጉልበት ይቀርለታል? ማቆሚያው የት ነው፣ ስንጫነውስ በእርግጥ ሮለሩን ያቆማል? ስለቱን የሚስል ሰው ቅርብ ነው? ሻጩ ማስነሣቱን ካሳያችሁ በኋላ፣ ማቆሙንም እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ካላሳያችሁ አትክፈሉ።

ያ ዘመዴ ዛሬም መኸር በመጣ ቁጥር አውድማ ዳር ይቆማል። ማሽኑን አይነካውም። ወጣቶቹ ነዶ ይዘው ሲጠጉ ግን ባለ ሁለት ጣቱን እጅ ከኩታው አውጥቶ ያነሣና «አውልቅ! ኩታህን አውልቅ!» ብሎ ይጮኻል። ሁሉም ይሰሙታል፤ እጁ ከቃሉ በፊት ይናገራልና። መክተፊያ ማሽን ወደ ጉና ሥር ሲመጣ ይህንን የሚያስተምር ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ምኞቴ የሚያስተምረው ሰው አሥሩም ጣቶቹ ሙሉ እንዲሆኑ ነው።